ቅቤው ውስጥ የገባው ፒልስ

እናቲቱ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እስኪወጡ ጥግ ይዛ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ለሰው ግን እንዳታወሪብኝ» አለችኝና የልጇን ሹራብ ገለጥ አደረገችው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ከግራ ጡቷ ጫፍ ሥር የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ያለ እብጠት አለ። የቀኙም ጀማምሯታል። የጫፉ ዙሪያ ጠቆር ብሏል። በጣቴ ስነካት «ያመኛል!» ብላ እጄን ገፋችው።

ይህን የምጽፈው እናቲቱ ኋላ ላይ «ሌላም እናት ትስማው» ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው። ስም አልጠራም።

ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት ከጉሙ ውስጥ ሹራብ ለብሼ ወጥቼ በሐረጎ ቁልቁል በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡ ክንዴ ላይ ነው። በነዚህ ዓመታት ስንትና ስንት ሺህ ፒልስ፣ ማለትም የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ እንደሸጥኩ አላውቅም። ለማን ነው ብዬ የጠየቅኩት ግን ጥቂቱን ነው። ባለትዳር ሴት መጥታ ፒልስ ስትል ለራሷ ነው ብሎ መስጠት የለመድነው ነገር ነው።

ልጅቷ ላይ የታየው ነገር የመጣው ከየት ነው የሚለው ላይ እናቲቱ የራሷ መልስ ነበራት። ጎረቤቶቿ የፈረንጅ ዶሮ ነው ብለዋታል። ዶሮ ከቤቷ ካወጣች ወር አልፏታል፣ እብጠቱ ግን አልቀነሰም። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ የሚደርሰው በዘሩና በመኖው እንጂ ሆርሞን ተሰጥቶት እንዳልሆነ ነገርኳት። (ወሬው ጭራሽ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ አውራ ዶሮ እንዲሰባ ብለው ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) በክኒን መልክ አንገቱ ሥር ይቀብሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ተከለከለ። ያ ክኒን ከታች የማነሳው ዲኢኤስ የሚባለው መድኃኒት ራሱ ነው።)

ከዚያ ጥያቄዬን ቀጠልኩ። ቤት ውስጥ መድኃኒት አለ? ሽሮፕ? ቅባት? ልጅቷ ከማን ጋር ነው የምትተኛው? አንዱም መልስ አልሰጠኝም። ዓይኔ ጸጉሯ ላይ ያረፈው በመጨረሻ ነው። ሹሩባዋ ከሥሩ ይወዛል፣ ቅቤው ግንባሯ ላይ ወርዶ ደርቋል።

«ጸጉሯን ምን ትቀቢያታለሽ?»

«ቅቤ ነዋ! ጸጉሯ እየተሰበረ አልፋፋ ብሎኝ…» አለችና ዝም አለች። ቀጥላም፣ «ቅቤ ብቻ አይደለም። ጉሎ ዘይት አለው። ፒልስም ፈጭቼ እጨምርበታለሁ። ቲክቶክ ላይ አይቼ ነው።»

«ፒልሱን ከየት አመጣሽው?»

«ከአንቺው ነዋ የምገዛው።»

በአራት ወር ውስጥ ሦስት ስትሪፕ። በእጄ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ዕቃውን አምጪው አልኳትና አመጣችው። ሰማያዊ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ሲከፈት የለጋ ቅቤና የጤና አዳም ሽታ አለው፤ ማንም ወሎዬ እናት የምታውቀው ሽታ። ቅቤው ላይ ግን ቡናማ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ማንኪያ ይዤ ቆየሁበት። ነጠብጣቡ የብረት ክኒኑ ነው። አንድ ስትሪፕ ላይ ካሉት 28 ፍሬዎች ውስጥ ሰባቱ ሆርሞን የሌለባቸው የብረት ክኒኖች ናቸው፤ እሷ ሳትለይ ሁሉንም በሙቀጫ ወቅጣ ነው የጨመረችው። ብረቱ በዓይን ይታያል። ሆርሞኑ አይታይም። ሃያ አንዱ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው የሚይዙት ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን 30 ማይክሮግራም ነው፤ የአንዲት ደቃቅ የጨው ቅንጣት ግማሽ ገደማ። ከእሱና ፕሮጀስቲን ከሚባል ሌላ ሆርሞን በቀር የቀረው የክኒኑ አካል መሙያ ነው ማለት ይቻላል።

ግማሽ የጨው ቅንጣት ከዚያ ሌላ ሆርሞን ጋር ሆኖ ለአዋቂ ሴት ዕንቁላሏ እንዳይወጣ ለማድረግ በቂ ነው። በስድስት ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ኤስትሮጅን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ፒኮግራም በታች ነው። ፒኮግራም ማለት ግራም ለአንድ ትሪሊዮን ሲካፈል ነው። የልጅ አካል ኤስትሮጅንን ገና አልለመደውም፤ ጥቂቱም ይበዛበታል።

ከራስ ቅል ላይ እንዴት ወደ ደም ይገባል? ኤስትሮጅን በስብ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው፣ ቆዳም ያሳልፈዋል። እንዲያውም ይኸው ሆርሞን ያለበት፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የወሊድ መቆጣጠሪያ በሌላው ዓለም ይሸጣል። እናቲቱ ሳታውቀው የሠራችው ያንን ነው፤ መድኃኒቱን በስብ አሟሙታ በየሁለት ቀኑ አናት ላይ መቀባት። ደግሞ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሐኪም ኤስትሮጅን ወይም የእንግዴ ልጅ ውጤት ያለበት የጸጉር ቅባት ሲቀቡ የከረሙ ትንንሽ ልጆች ያለ ጊዜያቸው ጡት ማጎጥጎጣቸውን ጽፏል። ቅባቱ ሲቆም ምልክቱ ቀንሷል።

ሆርሞን እንዴት እንደሚሠራ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የማነሳው የቅሬ (የእኛ የወሎዎች ዕድር) ጥሩንባን ነው። ሌሊት ሰው ሲሞት ጥሩንባው ሰፈሩን ይዞራል። ድምፁ ሁሉም ቤት ይገባል፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተነስቶ የሚወጣው ግን የቅሬው አባል ነው። ኤስትሮጅንም በደም ውስጥ በየህዋሱ ደጅ ያልፋል። የሚሰሙት ተቀባይ ያላቸው ብቻ ናቸው፦ የጡት፣ የማህጸን፣ የአጥንት፣ የአንጎልና ሌሎችም ህዋሳት። ተቀባዩ፣ በሙያው አጠራር ሪሴፕተር፣ በህዋሱ አስኳል ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው። ኤስትሮጅኑ ሲገባለት ቅርጹ ይለወጣል፣ ከመሰሉ ጋር ይጣመራል፣ ጥንድ ሆኖ ዲኤንኤው ላይ ያርፍና የተወሰኑ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ሥራውን የሚሠሩት ጂኖቹ ናቸው፤ ሆርሞኑ ጠሪ ነው። አንድ ጥሩንባ ሰፈር ሙሉ ሰው እንደሚያስነሳ ሁሉ፣ ያቺ ግማሽ የጨው ቅንጣትም ያን ያህል የምታሠራው ለዚህ ነው።

ይህ ተቀባይ መኖሩን መጀመሪያ ያሳየው ኤልውድ ጄንሰን የሚባል ቺካጎ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጨረር በሚሰጥ ሃይድሮጅን ምልክት የተደረገበት ኤስትሮጅን ለአይጦች ሰጠ፤ ሆርሞኑም በማህጸናቸው ውስጥ ሳይለወጥ ተይዞ ቆየ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከአእምሮዬ የማይወጣው አይጦቹ ገና ያልደረሱ እንስት ግልገሎች መሆናቸው ነው። ተቀባዩ ከልጅነት ጀምሮ ተቀምጦ ይጠብቃል ማለት ነው። የስድስት ዓመቷ ልጅ ጡት ሥር ያሉት ህዋሳትም ቅሬ የገቡ፣ ገና ጥሪ ያልመጣላቸው አባላት ናቸው። የሚጠሩበት ቀን ሲደርስ አንጎሏ ራሱ ያዝዛል። እኛ ግን በቅቤ አድርገን በእኩለ ሌሊት ጥሩንባ ነፋንባቸው።

ሰው ሠራሹ ከተፈጥሮው የሚለየው በምንድን ነው? በተፈጥሮ ያለውን ኤስትሮጅን በአፍ ብንውጠው አንጀትና ጉበት አብዛኛውን ያፈርሱታል። እ.ኤ.አ. በ1938 በርሊን ውስጥ ሼሪንግ በሚባለው ኩባንያ ኢንሆፈንና ሆልቬግ የተባሉ ሁለት ሰዎች ኤቲኒል የምትባል ትንሽ ቅጥያ በሆርሞኑ 17ኛ ካርቦን ላይ ገጠሙበት። ያቺ ቅጥያ ጉበትን ታስቸግረዋለች። ኤቲኒል ኤስትራዲዮል የሚባለው፣ ዛሬም አብዛኛው ፒልስ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ድምፁ ያው ነው፣ ጥሩንባ ነፊው ግን አይደክመውም።

በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ ሌላ ሠሩ፤ ስቲልቤስትሮል ወይም ባጭሩ ዲኢኤስ ይባላል። በወረቀት ላይ ሲሳል ከተፈጥሮው ኤስትሮጅን ጋር ብዙም አይመሳሰልም። ተቀባዩ ግን ይቀበለዋል። ምክንያቱ ኋላ ነው የታወቀው፦ ተቀባዩ ላይ ሆርሞኑ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ከሆርሞኑ ሁለት እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። ሰፊ ቤት በመሆኑ ሌላ እንግዳም ይገባበታል። ተማሪ እያለሁ ይህን ስሰማ በጣም ገረመኝ፤ ዛሬ ደግሞ ያስፈራኛል።

ስለ ዲኢኤስ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ያቺን እናት ሳያት የታወሰኝ እሱ ነው። ቦስተን የነበሩ ስሚዝ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች መድኃኒቱ ውርጃን ይከላከላል ብለው አሳመኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ መንግሥት ለዚሁ አገልግሎት ፈቀደው። ፅንስ የሚጨናገፍባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ልጅ የናፈቀች ሴት የተሰጣትን ትውጣለች። እ.ኤ.አ. በ1953 ቺካጎ ውስጥ ወደ 1,600 በሚጠጉ ነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገ ሙከራ መድኃኒቱ ምንም እንደማይጠቅም ታየ። እንደማይጠቅም እየታወቀ ግን መታዘዙ አልቆመም። አሥራ ስምንት ዓመት ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ቦስተን ውስጥ አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ በወጣት ሴቶች ላይ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር የያዛቸውን ስምንት ሴቶች መረመሩ። የሰባቱ እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ዲኢኤስ ወስደው ነበር። ፍንጩን የሰጠችው ደግሞ ከታማሚዎቹ የአንዷ እናት ናት፤ «ያኔ የወሰድኩት መድኃኒት ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ትክክለኛውን ጥያቄ ያነሳችው እናት ናት። እኔ መድኃኒት ቤት ውስጥ የማገኛቸውን እናቶች ንግግር ሳላቋርጥ ልስማ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ገደማ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ካንሰሩ የያዘው በማህጸን ሳሉ መድኃኒቱ ከደረሳቸው ሴቶች ልጆች ከሺህ አንዷን ያህል ነው። ከዚያ ይልቅ ብዙዎቹን የነካው የማህጸን ቅርጽ መበላሸት ነበር። ማህጸን የሚሠራው በፅንሱ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተገናኝተው ሲዋሃዱ ነው። የትኛው ክፍል ማህጸን፣ የትኛው የማህጸን አንገት እንደሚሆን የሚያዝዙ ጂኖች አሉ፤ ዲኢኤስ በተቀባዩ በኩል ገብቶ የእነዚህን ጂኖች ትእዛዝ ያፋልሳል። አንዳንዶቹ ልጆች ማህጸናቸው እንደ መስቀለኛ እንጨት ከላይ ብቻ ሰፍቶ ጠበበ። አድገው ሲያገቡ ፅንስ ከማህጸን ውጭ የሚያርፍባቸው፣ ጊዜው ሳይደርስ የሚወልዱ፣ ጭራሽ የማይፀንሱ በረከቱ። ወንዶቹም ላይ የዘር ፍሬ አለመውረድና በዘር ፍሬው ጀርባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ታየ። መድኃኒቱን የዋጠችው እናት ግን ያኔ ምንም አልተሰማትም። ያው ክኒን ለእሷ ጉልህ ጉዳት ሳያሳይ ለፅንሷ ትእዛዝ ሆነ። በሆርሞን ነገር ዕድሜ ከመጠኑ እኩል ይከብዳል የምለው ይህን ይዤ ነው።

ለእናቲቱ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ስታለቅስ «አብሽሪ» አልኳት፤ የልጅሽ ማህጸን ቅርጹን ይዞ የጨረሰው ገና በሆድሽ ሳለች ነው፣ ያ ዓይነት ጉዳት እሷ ላይ አይደርስም። የሚያሳስበኝ ቁመቷ ነው አልኳት።

ኤስትሮጅን አጥንትን መጀመሪያ ያስረዝማል፣ ቆይቶ ደግሞ ይዘጋዋል። በአጥንት ጫፍና ጫፍ የማደጊያ ስፍራ አለ፤ ያ ሲዘጋ ቁመት ይቆማል፣ በሴትም በወንድም የሚዘጋው በኤስትሮጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ አንድ የ28 ዓመት ሰው ተጽፏል። ኤስትሮጅን በደሙ ውስጥ ሞልቷል፣ ተቀባዩ ግን ሲፈጠር ጀምሮ የተበላሸ ነው። ጥሩንባው እየተነፋ ሰሚ የለም። ሰውየው 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ገና እያደገ ነበር፤ የአጥንቱ ዕድሜ ሲለካ የ15 ዓመት ልጅ አጥንት ነው። በልጅነት ኤስትሮጅን የበዛባት ልጅ ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ትሆናለች፦ ለጊዜው ከእኩዮቿ ረዝማ ትታያለች፣ ኋላ ግን አጥንቷ ቀድሞ ተዘግቶ አጭር ትቀራለች።

ስለዚህ በዚያው ሳምንት ደሴ ወደ ሕጻናት ሐኪም ላክኋቸው። ቅባቱ ነው ብዬ ብገምትም፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ጡት ያጎጠጎጠች ልጅ በሐኪም መታየት አለባት፤ ከዕንቁላል ማምረቻ ወይም ከአንጎል የሚነሳ ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። የግራ እጇ ራጅ ተነሳ፣ ሆዷም በአልትራሳውንድ ታየ። ሌላ ችግር አልተገኘም። አጥንቷ ከዕድሜዋ አንድ ዓመት ያህል ቀድሟል። ሐኪሙ ቅባቱን አስቁሞ በየጊዜው ቁመቷ እንዲለካ አዘዘ።

ያን ዕለት ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠን ሳለ እናቲቱ፣ «ቅቤውን ቦይ ውስጥ ልድፋውና ዕቃዬን አጥቤ ልውሰድ?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። የእኛ ቦይ ቦርከና ይገባል፣ ቦርከና ጨፋ ሜዳ ወርዶ ከብት ይጠጣዋል፣ አልፎም አዋሽን ይቀላቀላል። ካናዳ ውስጥ ካረን ኪድ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ድረስ ለምርምር በተለየ አንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ይህንኑ የፒልስ ኤስትሮጅን በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም እንዲሆን አድርጋ ጨመረች። ወንዶቹ ዓሦች የዕንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ፤ አንደኛው ትንሽ የዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ተቀባዩ ዓሣም ላይ አለ። መጨመሩ ሲቆም ዓሦቹ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው በዙ። አንድ ዕቃ ቅቤ ቦርከናን አይለውጠውም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ክዳኑን ገጥሜ ጊዜው ካለፈበት መድኃኒት ጋር እንዲወገድ አስቀመጥኩት፤ ለእሷም ሌላ ዕቃ ገዛሁላት።

አንድ ነገር በደንብ መነገር አለበት፤ ካልሆነ ይህን ያነበበች ሴት ነገ ፒልሷን ትጥለዋለች። ፒልስ ለአዋቂ ሴት፣ በባለሙያ ታይቶ ሲሰጥ፣ ስንት እናት ያተረፈ መድኃኒት ነው። መካን አያደርግም። ሳታውቅ ፀንሳ ጥቂት ቀን የወሰደችም ብትሆን ልጇ አካሉ ጎድሎ ይወለዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። የምታጠባ አራስ፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏት የምታጨስ፣ ደም የረጋባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን እንዳትወስድ እንጠይቃለን። የቲቢ መድኃኒት የምትወስድም ትንገረን፤ ሪፋምፒሲን ጉበትን አነቃቅቶ ሆርሞኑን ቶሎ ስለሚያስወግደው ፒልሱ ላይሠራላት ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ደግሞ ጭራሽ ኤስትሮጅን የላቸውም።

ለጸጉር ይጠቅማል የሚለው ነገር የመጣበትን እገምታለሁ። ነፍሰ ጡር ሴት ሆርሞኗ ከፍ ስለሚል ጸጉሯ አይረግፍም፣ ይወፍራል፤ ስትወልድ ደግሞ እጅ እጅ ሙሉ ይወድቃል። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ሆርሞኑን እንቀባው» ቢል ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፒልስ ፈጭቶ መቀባት ጸጉር እንደሚያሳድግ የታየበት ጥናት ግን አላጋጠመኝም። የልጅቷ ጸጉር ይሰበር የነበረው ሹሩባው ከሥሩ አጥብቆ ስለሚሳብ ነው፤ ግንባሯ ዳር ያለውን ስስ ጸጉር ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

አሁን ፒልስ የሚጠይቀኝን ሁሉ «ለማን ነው? ለምን?» እላለሁ። አንዳንዷ ትቆጣለች። ባለፈው አንዲት እናት «ለጸጉር ነው» ብላ በግልጽ ነገረችኝ፤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ግማሽ ሰዓት አወራን።

ልጅቷ ቅባቱ ከቆመ በአራተኛው ወር እብጠቱ ለስልሶ ጠፋ፣ የጠቆረውም እየፈካ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ከሚለካው ሌላ፣ ኮምቦልቻ በመጡ ቁጥር የመድኃኒት ቤቱ መቃን ላይ ጀርባዋን አስደግፌ በእስክሪብቶ ምልክት አደርግላታለሁ። ጫማ አውልቂ ስላት ተረከዟን ከፍ ልታደርግ ትሞክራለች፣ እናቷ ትከሻዋን ጫን ትላለች። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን መስመር አሰመርንላት። ከመጀመሪያው በሁለት ጣት ይበልጣል።